በአቶ ዱሬሳ ጓሮ ስለሚጮኸው ባቡር

ለተከበሩ አቶ ዱሬሳ ኢርኮ
የታችኛው በር መረዳጃ ዕድር ሰብሳቢ፣ የቀድሞ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ፣ የአሁኑ ደግሞ የሐዲድ፣ የእንፋሎትና የሦስት ፉርጎ ባለቤት
ልደታ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንም፣ የባለቤትዎንም፣ የባቡርዎንም ጤና እጠይቃለሁ። የእርስዎ ጤና ከአጥሩ ማዶ በሚያሰሙት የመዶሻ ድምፅ ዘወትር ስለሚደርሰኝ ሥጋት የለብኝም፤ የባቡሩም እንደዚሁ፣ የከሰል ጢሱ መኝታ ቤቴ ድረስ ገብቶ እጅ ሳይነሳኝ የዋለበት ቀን የለምና ሰላምታው ጎድሎብኝ አያውቅም። እኔ፣ በመካከላችን ከአንድ የቆርቆሮ አጥር በቀር ምንም የሌለ ጎረቤትዎ ገብረየሱስ ሰላሁን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ። በሕይወት መኖሬንም ባለፈው ወር መላው ሰፈር በራፌ ላይ ተሰብስቦ አረጋግጧል፤ እሱን በቦታው አነሳዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአጥሩ ላይ ላቀብልዎ ስችል በዕድራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ቢያስደንቅዎ፣ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው በየጥጉ ከሚያማ ጽፎ በግልጽ ያቅርብ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ራስዎ መሆንዎን አስታውሳለሁ። ተማሪዎ ነኝ።

ሰሌዳውን ቆመው ለሚያነቡና ነገሩን ገና ላልሰሙ፣ እንዲህ ያለ ሰው በልደታ ተርፎ ከሆነ፣ ባጭሩ ላስረዳ። እርስዎ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት መዛግብት አቧራ ሲያስነጥሱ ኖረው የዛሬ ሁለት ዓመት ጡረታ ወጡ። ሌላው ጡረተኛ ዳማ ይጫወታል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ፀሐይ ይሞቃል። እርስዎ ግን የጓሮዎን ጎመንና ጌሾ ነቅለው ሐዲድ ዘረጉበት። ሐዲዱ ወርዱ አንድ ስንዝር ያህል ነው፤ ከወጥ ቤትዎ ደጃፍ ተነስቶ፣ የዕድራችን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የሚቀመጥበትን ክፍል ታክኮ፣ በመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ዞሮ፣ የውኃ ታንከሩ ዘንድ ይደርስና ይመለሳል። በላዩ የምትሄደው ባቡር የጥጃ ቁመት ያላት ስትሆን፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ባለው የጀይላን ብየዳ ቤት በተሠራው ሆዷ ውስጥ ከሰል እየነደደ፣ ውኃ እየፈላ፣ በእውነተኛ እንፋሎት ትሄዳለች። ከኋላዋ ሦስት ፉርጎዎች ይከተሏታል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ትልቅ ሰው በቅሎ እንደተቀመጠ እግሩን አንፈራጦ መሳፈር ይችላል። ከሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ልብስ ሊያሰጣ የወጣ ሰው ሁሉ ልብሱን ረስቶ እርስዎን ሲመለከት ይውላል።

ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስሜን ስለመውሰድዎ።

ሃያ ስድስት ዓመት በምድር ባቡር ሠርቻለሁ። ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ በሚመላለሰው ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ ባርኔጣ ነበረኝ፣ የትኬት መብሻ ነበረኝ፣ ጭነት ደብቆ የተሳፈረ ነጋዴ ከሩቅ ሲያየኝ ልቡ ድው ድው ይል ነበር። ባቡሩ ከቆመም በኋላ በዚህ ሰፈር ገብሬ ባቡሩ ማለት እኔ ነበርኩ። የከተማው የኤሌክትሪክ ባቡር በሰፈራችን ማለፍ ሲጀምር እንኳ ስሜን አልነካብኝም፤ እሱ የመንግሥት ነው፣ ዱሬሳ ሠራው ያለ ሰው የለም። አሁን ግን አንድ ሰው ከታክሲ ወርዶ የባለባቡሩን ቤት ቢጠይቅ ሕፃን አዋቂው ጣቱን የሚቀስረው ወደ እርስዎ በር ነው። የእህቴ ልጅ ወይንሀረግ ከቡታጅራ ልትጠይቀኝ መጥታ የባቡር ሠራተኛውን አጎቴን ብላ ብትጠይቅ እርስዎ ዘንድ አስገቧት። እርስዎም ምሳ አብልተው፣ በባቡር አንሸራሽረው፣ ወደ ማምሻው ገደማ ላኩልኝ። ስለ ምሳው ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ቤት ስትደርስ ጠግባ ስለነበር ያዘጋጀነውን አልቀመሰችውም፤ አዳሯንም ያወራችልኝ ስለ እርስዎ ነው።

ሁለተኛ፤ ሥራዎ መልካም ስለመሆኑ።

ይህ ከሁሉ የባሰው በደል ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ባቡር ያዩት እንግዳ ለመቀበል ለገሃር ሲሄዱ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሐዲድ ሲዘረጋ አጥሬ ላይ ባለችው የምስማር ቀዳዳ አንድ ዓይኔን አስጠግቼ፣ ይህ ሰው አሁን ይወድቃል፣ አሁን ጉድ ይፈላል እያልኩ ስጠባበቅ፣ ከዩቲዩብ ተማርኩት በሚሉት ጥበብ ሁሉንም ነገር እንደሚገባው አደረጉት። ሐዲዱ ቀጥ ያለ ነው። እንጨቶቹ እኩል ተራርቀው ነው የተነጠፉት። ፍሬኗ ይይዛል። ስንት ቀን ሙሉ ቆሜ ስህተት ስፈልግ ጉልበቴን አመመኝ! በመጨረሻ አንዲት አገኘሁ፤ ጣቢያ ብለው በየቦታው ከተከሏቸው ሰሌዳዎች መካከል ሞጆን ከቢሾፍቱ አስቀድመው አቁመዋት ነበር። የዚያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ ልገልጽልዎ አልችልም። ስሜን ሳልጽፍ በቁራጭ ወረቀት ላይ ስህተቱን አስፍሬ በአጥሩ ሥር አሾለክሁልዎ፤ ይናደዳሉ ብዬ ነበር። እርስዎ ግን ሰሌዳዎቹን በዚያው ቀን አቀያየሩ፤ እሁድም በዕድሩ ስብሰባ ላይ ስሙን ያልገለጸ ባለሙያ ወንድማችንን አመሰግናለሁ ብለው ተናገሩ፤ ተሰብሳቢውም አንገቱን አዙሮ እኔን አየኝ። አንዲት ስህተት ነበረችኝ፤ እሷንም ወሰዱብኝ።

ሦስተኛ፤ በቁሜ ስላስለቀሱልኝ።

የዕድራችን ለፋፊ ማኑ ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባውን ከነፋ ሰው ሞቷል ማለት መሆኑን ልደታ ለተወለደ ማስረዳት አያስፈልግም። ባለፈው ወር አንድ ረቡዕ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ከመዳብ ቧንቧ የሠሩትን አዲስ ፊሽካ ለመሞከር እንፋሎቱን ለቀቁት። ያ ድምፅ የባቡር ብቻ ቢሆን ምን ነበር! የማኑን ጡሩምባ ቁርጥ እሱን ነው። ሰፈሩ ነቃ፤ ነጠላ ተዘቀዘቀ። ማኑ ራሱ ያልተነፋ ጡሩምባውን ይዞ ደጅ ወጥቶ፣ ሳልሻር ማን ተሾመብኝ እያለ ወዲያ ወዲህ ይል እንደነበር ሰምቻለሁ። ከዚያ ማን ሞተ የሚለው ጥያቄ መጣ። እኔ ደግሞ በዚያ ሳምንት በደም ግፊት ተኝቼ ነበርና ሰው ሁሉ አስቦ አስቦ፣ ሌላ ማን ሊሆን ነው ብሎ፣ ዋይ ዋይ እያለ ወደ እኔ ቤት ጎረፈ።

የራሴ ለቅሶ ቀሰቀሰኝ። ከአልጋዬ ወርጄ በሩ ጋ ደረስኩና ወዲያው አልከፈትኩም፤ እስቲ እርስዎ ቢሆኑ ይከፍታሉ? ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ወይዘሮ ዙሃራ ደግ ጎረቤት ነበር ስትል ሰማሁ፤ ለእሷ እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። ሌላው ደግሞ የገዛ ወንድሙን እንኳ ያለ ትኬት አላሳልፍም ያለ ቀጥተኛ ሰው ነበር አለ፤ ይህም እውነት ነው፣ ወንድሜ እስከ ዛሬ አልማረኝም። ቀጥሎ የዕድሩ ዕቃ ኃላፊ አቶ ሞቱማ፣ አዝኖ በተሰበረ ድምፅ፣ ምስኪን ፀሐይቱ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ባቡር ላይ ኖሮ እሷን አንድ ቀን ሞጆ እንኳ ሳያደርሳት ሄደ አለ። በራፉ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድነት ከንፈሩን መጠጠ።

ዞር ብል ባለቤቴ ፀሐይቱ ከኋላዬ ቆማለች። ሰምታለች። በሩን ስከፍተው ከሰዎቹ ግማሹ ጮኸ፣ ግማሹ አቀፈኝ፤ አቶ ሞቱማም እንኳን አተረፈህ ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። እርስዎም አንድ ማሰሮ ማር ይዘው፣ ዓይንዎ መሬት መሬት እያየ፣ ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ። ማሩ ጥሩ ማር ነበር። ሰው ሞቶ የሚባልለትን ሳይሞት የመስማት ዕድል ለማንም አይሰጥምና ስላደረጉልኝ ውለታ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሰው ሁሉ በሆዱ የጠየቀውን ለመመለስ ያህል እዚሁ ልናገር። ለሠራተኛ ቤተሰብ ነፃ የመሳፈሪያ ወረቀት በየዓመቱ ይሰጠኝ ነበር። በየዓመቱም ፋሲካ ይለፍ፣ ልጆቹ ጠንከር ይበሉ፣ የድሬዳዋ ሙቀት በረድ ይበል እያልኩ አሳለፍኩት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ባቡሩ ላይ እኔ ሰው ነበርኩ፤ ተሳፋሪ ከመቀመጫው ብድግ ይልልኝ ነበር። ፀሐይቱ ደግሞ ቤት ውስጥ ካልሲዬን ራሴ አግኝቼ እንደማላውቅ ታውቃለች። መጥታ ብታየኝ ትስቃለች ብዬ ፈራሁ። ባቡሩ አንድ ቀን ቆሞ ይቀራል ብሎ ያሰበ ማን ነበር?

አራተኛ፤ ስለ ባለቤቴ።

ለተሳሳተው ለቅሶ ካሣ ይሆን ዘንድ እኔንና ባለቤቴን ቅዳሜ በባቡርዎ እንድንሳፈር ጋበዙን። እኔ ሥራ አለኝ አልኩ። እርስዎም አመኑኝ! ጡረተኛ ምን ሥራ አለው? ሠላሳ ዓመት ሐሰተኛ ምስክር ሲመላለስበት የኖረ መዝገብ ቤት የመሩ ሰው ይህችን ውሸት መለየት እንዴት ያቅትዎታል? አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኧረ በሞቴ፣ አቶ ገብረየሱስ፣ የሙያው ሰው እርስዎ አይደሉ እንዴ ቢሉኝ ምን ነበረበት! አላሉኝም። ፀሐይቱ ግን ጉልበቷን ያማታልና አትሄድም ብዬ ስጠብቅ፣ የዓመት በዓል ቀሚሷን አውጥታ ለበሰች።

በምስማሯ ቀዳዳ አየሁ። የመጀመሪያው ፉርጎ ላይ ተቀመጠች። ባቡርዎ የሚሄደው ዶሮ በምትራመድበት ፍጥነት ነው፤ እሷ ግን ነፋስ የሚወስድባት ይመስል ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ አፏን ከፍታ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ስንኖር ይህን ሳቅ አላየሁትም። ዘጠኝ ጊዜ ዞረች፤ ቆጥሬዋለሁ። ቤት ስትገባ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠችና፣ በውኃ ታንከሩ ላይ ድሬዳዋ የሚል ሰሌዳ ስለሰቀሉ፣ ድሬዳዋ ደርሳ መምጣቷን፣ አንተ የምትለውን ያህልም አይሞቅም ብላ ነገረችኝ።

ቀናሁ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በስሜና በፊርማዬ፣ ቀናሁ ብዬ ጽፌያለሁ። በእርስዎ ቀናሁ፣ በባቡርዎ ቀናሁ፣ ፀሐይቱ በተቀመጠችበት ፉርጎ ቀናሁ። ዓይኔ ደም ለበሰ። በጌሾ ማሳ ላይ የተዘረጋ አንድ ስንዝር ሐዲድ፣ እኔ በእውነተኛው ሐዲድ ሃያ ስድስት ዓመት ያላደረስኳትን በአንድ ከሰዓት በኋላ አደረሳት። ከዚያም በየቅዳሜው ትሄድ ጀመር፤ ዓርብ ማታ ቀሚሷን ስትተኩስ አያታለሁ፤ ጎንበስ ብላ ስታንጎራጉር እሰማታለሁ።

አምስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ስለሆነ ቁጥር አልሰጠውም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? ለዕድሩ አቤቱታ አስገባሁ። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ድንኳኑና ወንበሩ በሰብሳቢው ግቢ እንደሚቀመጥ፣ ሐዲዱ ግን በዕቃ ቤቱና በበሩ መካከል ስለሚያልፍ በለቅሶ ቀን ዕቃ ለማውጣት እንቅፋት እንደሚሆን፣ ስለዚህም እንዲነሳ አመለከትኩ። ለሐዘንተኛ የተቆረቆርኩ ለማስመሰል ሁለት ገጽ ጻፍኩ። አራት የኮሚቴ አባላት ነገሩን ሊመረምሩ ግቢዎ ገቡ። እርስዎ አንዲት ቃል ሳይከራከሩ ይሳፈሩ ብቻ አሏቸው። አቶ ሞቱማ ከዘራውን እንደ ጦር ይዞ ኋለኛው ፉርጎ ላይ ተኮፈሰ፤ ሌላው ተራ ደረሰኝ አልደረሰኝም እያለ ተጣላ። በጉባኤ የተነበበው ቃለ ጉባኤም፣ ሐዲዱ እንቅፋት መሆን አለመሆኑን ኮሚቴው በሁለተኛው ዙር ለማረጋገጥ ስላልቻለ ሦስተኛ ዙር ተጉዟል ይላል። እንደ ቃሉ ነው የጠቀስኩት።

እኔ ሊፈርዱብኝ ነው ብዬ ስዘጋጅ እርስዎ ተነሱ። በሬ ወለደ ቢሉ የሚያምንዎ ጉባኤ ፊት፣ ደንብ ደንብ ነው፣ የሰብሳቢው ግቢ ለዕድሩ ዕቃ መተላለፊያ ነፃ መሆን አለበት፣ አቤት ባዩ እስከሚቀጥለው እሁድ አቤቱታቸውን ካላነሱ ሐዲዱን በገዛ እጄ አነሳለሁ ብለው በራስዎ ላይ ፈረዱ። እንዲህ ያለ ሰውን መጥላት እንዴት አድካሚ እንደሆነ ማን በነገረዎ! የሰጡኝ ቀን እንኳ ሳይደርስ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ብሎን ሲፈታ እሰማለሁ። የጀመሩትም ከድሬዳዋ በኩል ነው። ፀሐይቱም ድምፁን ሰምታለች። አልተጣላችኝም፣ አላኮረፈችኝም፤ ምሳ አቅርባልኝ አጥሩን እያየች፣ ደህና፣ የደረስኩበት ይበቃኛል አለች።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ አቤቱታዬን ከዛሬ ጀምሮ ማንሳቴን በዚህ ጽሑፍ አረጋግጣለሁ። የማነሳው ለእርስዎ ብዬ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። የፈቱትን ብሎን መልሰው ይሰሩት፤ ሲያስሩም በመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ባለው መታጠፊያ የውጭውን ሐዲድ አንድ ጣት ያህል ከፍ ያድርጉት፣ አለዚያ አንድ ቀን ሰው ይወድቃል። ይህን በስሜ ነው የምነግርዎ። ፊሽካውንም ሰው ቁርሱን ሳይበላ አይንፉ። ማንኛውም ሰው እኔ ቤት በር ላይ ሊያለቅስ ቢፈልግ ተራዬን ይጠብቅ።

ደግሞም አለቀልኝ ብለው እንዳያስቡ። ትናንት ከከተማው ዳር ወዳለው አዲሱ የባቡር ጣቢያ ሄጄ፣ ለእኔና ለባለቤቴ ሁለት የድሬዳዋ ትኬት ቆርጫለሁ። እውነተኛው ድሬዳዋ፣ ውኃ ታንከር የሌለበት! ለፊታችን ቅዳሜ ነው የቆረጥኩት፤ ለምን ቅዳሜን እንደመረጥኩ ለእርስዎ አላብራራም። መስኮቱን ለእሷ ሰጥቼ ከጎኗ እንደ ማንም ተሳፋሪ እቀመጣለሁ፤ ብትስቅብኝም ትሳቅ። ከእንግዲህ በራፌ ላይ የሚመጣ ለቀስተኛ ሌላ የሚለው ይፈልግ።

ሐዲድዎ አይዛግብዎ፣ ከሰልዎ አይርጠብብዎ፣ የጀይላን ብየዳ አይክዳዎት እያልኩ፣ ከእኔ የተሻለ ጎረቤት እንዲያጋጥምዎ ግን ለመመኘት ገና ያልደረስኩ መሆኔን በታላቅ ትሕትና እየገለጽኩ፣ ከአጥሩ ወዲህ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎና ቀናተኛዎ
ገብረየሱስ ሰላሁን
በጡረታ ላይ ያለ የምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ

ታክሎ የተጻፈ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለፀሐይቱ አነበብኩላት። ሁለቱን ትኬቶች እጇ ላይ ሳስቀምጥላት አለቀሰች፣ ግንባሬንም ሳመችኝ፤ ይህን ልብ ይበሉልኝ። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ትኬቶቹን አገላብጣ አየችና፣ ቅዳሜ እንኳ ጋሽ ዱሬሳ ዘንድ ቀጠሮ አለኝ፣ ሌላ ቀን ቢሆንስ አለችኝ። ለማክሰኞ አስቀይሬዋለሁ። እግዜር ይይልዎ!